ከመንጠቆው ወደ እጅ፦ በአንድ ሣጥን የሚሸጥ የባስ ማጥመጃ ዕቃ ሲፈተሽ

ባስ የሚባለውን አዳኝ ዓሣ ለማጥመድ አዲስ የሚነሣን ሰው ከሁሉ በፊት የሚያጓጓው ዘንጉ፣ ማጠንጠኛው፣ ክሩና ምግብ መስለው ዓሣውን የሚያባብሉት ማታለያዎች አንድ ላይ ተሰናድተው በአንድ ሣጥን የሚሸጡበት ሙሉ ዕቃ ነው። ምን ከምን ጋር እንደሚስማማ እያጠያየቁ ከመንከራተት ያድናል፤ ከዚያ በኋላ የሚቀረው ሣጥኑን ከፍቶ ወደ ውሃ መውረድ ብቻ ይመስላል። እኔም በዚሁ ሐሳብ ገዝቼው ሁለት ዓመት ሙሉ ተጠቅሜበታለሁ። በውስጡ የነበሩት 2.13 ሜትር ማለትም 7 ጫማ የሚረዝም፣ ጥንካሬው ከመካከለኛ ከፍ ያለ የካርቦን ዘንግ፣ ከዘንጉ በላይ የሚቀመጥ ቤይትካስተር የሚባለው ዓይነት ማጠንጠኛ፣ በእሱ ላይ ተጠምጥሞ የመጣ የናይለን ክር፣ እንዲሁም ክራንክቤይት (ትንሽ ዓሣ መስሎ ሲጎተት የሚወዛወዝ ማታለያ)፣ ስፒነርቤይት (የሚሽከረከር የብረት ቅጠል ያለው ማታለያ)፣ ጂግ (ራሱ ላይ ክብደት ያለው መንጠቆ)፣ የፕላስቲክ ትሎች፣ መንጠቆዎችና የእርሳስ ክብደቶች የተደረደሩበት ክዳን ያለው ማስቀመጫ ናቸው።

ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር። ዘንጉ ጥሩ ነው፤ ማጠንጠኛው ከጠበቅሁት በላይ ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ ከዘንጉ ጫፍ እስከ ዓሣው አፍ ድረስ ያለው ግን ከፕላስቲክ ትሎቹ በቀር አንድ በአንድ እየተጣለ በሌላ ተተክቷል። ይህንኑ አሠራር ከአንድ በላይ በሆኑ ሣጥኖች ውስጥ ስላየሁ የአምራቹን ስም ማንሣት አላስፈለገኝም። ገንዘቡ የፈሰሰው የገዢው ዐይን በሚያርፍበት ዕቃ ላይ ነው፤ ቁጠባው የተደረገው ደግሞ ዓሣው አፉ ውስጥ በሚያስገባው ላይ ነው። በዚህ ምክንያት እኔም ሻጮች ከሚጀምሩበት ከማጠንጠኛው ሳይሆን ከመንጠቆው ተነሥቼ ወደ እጄ እመጣለሁ።

ባለ ትልቅ አፍ ባስ ምግቡን ዘንጥሎ የሚበላ ዓሣ አይደለም። አፉንና ጉንጮቹን በድንገት ከፍቶ ውሃውን ከነምግቡ ወደ ውስጥ ይስባል፤ የሳበው ነገር ካልተስማማው ደግሞ በዚያው ፍጥነት መልሶ ይተፋዋል። አጥማጁ በዘንጉ ላይ የሚሰማው አንዲት ቀላል ምት ብቻ ስትሆን፣ ያቺን ምት ከሰማ በኋላ መንጠቆውን ለመትከል ያለው ጊዜ እጅግ አጭር ነው። በዚያ ላይ የዓሣው አፍ ዙሪያ አጥንት ስላለበት ደነዝ ጫፍ ሳይሰካ ተንሸራቶ ይወጣል። መንጠቆን ለመፈተሽ የሚያስፈልገው የራስ አውራ ጣት ብቻ ነው፦ ጫፉን በጥፍር ላይ አስደግፎ በዝግታ መጎተት ነው፤ ስለታም ከሆነ ጥፍሩን ይዞ ይቆማል፣ ደነዝ ከሆነ ጭረት ብቻ ትቶ ያልፋል። ከሣጥኑ ክራንክቤይቶች ላይ የተንጠለጠሉትን ባለሦስት ጫፍ መንጠቆዎች በዚህ መንገድ ስፈትሻቸው አብዛኞቹ ተንሸራተቱ። በትንሽ ሞረድ ስዬ ልጠቀምባቸው ብሞክርም ሽቦው ራሱ ልል ነበር። ሦስተኛ ቀኔ ላይ ውሃ ውስጥ ከወደቀ ግንድ አጠገብ አንድ ዓሣ ክራንክቤይቱን ይዞ ወደ ላይ ዘለለ፤ ራሱን ሁለት ጊዜ አራገፈና ክሩ በድንገት ላላ። ማታለያው ሲመለስ ከሦስቱ ጫፎች አንደኛው እንደ ስፒል ቀጥ ብሎ ነበር፤ መንጠቆውን ከማታለያው ጋር የሚያገናኘው ትንሹ ቀለበትም አፉን ከፍቶ ነበር።

መንጠቆዎቹን ሁሉ ከነቀለበታቸው ለወጥኋቸው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር አለ፤ ከመጀመሪያው የሚከብድ መንጠቆ ሲገባ ሊንሳፈፍ የተሠራ ክራንክቤይት ሊሰጥም ወይም አካሄዱን ሊያጣ ስለሚችል፣ አዲሱን መንጠቆ ካሰሩ በኋላ በባልዲ ውሃ ውስጥ መሞከር ይገባል። ቁጥሮቹም ያደናግራሉ። ዜሮ ያልተከተለው ቁጥር ሲጨምር መንጠቆው እያነሰ ይሄዳል፤ 3/0 እና 4/0 እንደሚባሉት ባለ ዜሮዎቹ ግን ቁጥራቸው ሲጨምር መጠናቸውም ይጨምራል። ለ12 ወይም ለ13 ሴንቲ ሜትር የፕላስቲክ ትል 3/0 ይበቃል፤ ትሉ ከዚያ ከወፈረ ወይም ከረዘመ 4/0 ይሻላል። በሣጥኑ ውስጥ ፒንሳ አለመኖሩን እንደ ትልቅ ጉድለት እቆጥረዋለሁ፤ ባለሦስት ጫፍ መንጠቆን ከሚንፈራገጥ ዓሣ አፍ በጣት ለማውጣት መሞከር የራስን ጣት ለመንጠቆ መስጠት ነው። እኔ በዚያው ፒንሳ የመንጠቆውን የኋላ እሾህ ተጭኜ አጠፋዋለሁ። ክሩ እስካልላላ ድረስ በዚህ ምክንያት ብዙ ዓሣ አላመለጠኝም፤ ዓሣውን ወደ ውሃው መመለስም ቀሏል።

የእርሳስ ክብደቶቹ እርሳስ ናቸው፤ ብዙ የሚባልላቸው የለም። የወፎችን ሕይወት ስለሚጎዳ በአንዳንድ አገሮች የእርሳስ ክብደት የተከለከለ በመሆኑ ከመሄድ በፊት የውሃውን ሕግ መጠየቅ ያስፈልጋል። እኔ ቀስ በቀስ ተንግስተን ወደሚባለው ከባድ ብረት ዞሬአለሁ። ዋጋው ውድ ቢሆንም የእርሳስ ጥግግት በኩቢክ ሴንቲ ሜትር 11.3 ግራም ሲሆን የተንግስተን 19.3 ስለሆነ፣ ያው ክብደት በጣም ባነሰ መጠን ይገኛል፤ ጠንካራም ስለሆነ ድንጋይ ሲነካና ጭቃ ሲነካ ያለው ልዩነት በዘንጉ በኩል እስከ መዳፍ ይሰማል።

ማታለያዎቹ በቀለም ብዛት ገዢውን ለማስደሰት የተሠሩ ናቸው። ፊንላንዳዊው ዓሣ አጥማጅ ላውሪ ራፓላ በ1936 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያ ማታለያውን ከቡሽ ሲቀርጽ የተከተለው የተጎዳችን ትንሽ ዓሣ እየተንገዳገደች የመዋኘት ሁኔታ ነበር፤ ለአካሉ ማብለጭለጫ ያገኘውም ከቸኮላት መጠቅለያ ነው። ከዚያ ወዲህ የተሠሩት ጥሩ ማታለያዎችም ቢሆኑ የሚመዘኑት በአካሄዳቸው ነው። ከሣጥኑ አምስት ክራንክቤይቶች ሁለቱ ሲጎተቱ ወደ ጎን እየሸሹ በውሃው ላይ ይገለበጡ ነበር። ይህ ግን የሚጠገን ነው፤ ማታለያው ወደ ቀኝ ከሸሸ ክሩ የሚታሰርበትን የአፍንጫውን የሽቦ ቀለበት በፒንሳ እጅግ በጥቂቱ ወደ ግራ ማጠፍ፣ ወደ ግራ ከሸሸም እንዲሁ በተቃራኒው ማድረግ በቂ ነው። አንዱ ተስተካከለ፤ ሌላው አልሆነለትም። ስፒነርቤይቱ ከጥቂት ቀን በኋላ የሚሽከረከረው ቅጠሉ ዛገና መዞር አቆመ። ጂጉን በመጀመሪያው ቀን ግንድ ላይ ስለተውሁት ስለ እሱ ለመፍረድ መብት የለኝም።

ከማስቀመጫው ውስጥ ያለ ቅሬታ የተጠቀምሁባቸው የፕላስቲክ ትሎቹ ናቸው። ኒክ ክሬም በኦሃዮዋ አክረን ከተማ በ1949 እ.ኤ.አ. ለስላሳውን የፕላስቲክ ትል ለገበያ ካቀረበ ጀምሮ ይህ ዕቃ ከባስ አጥማጅ ኪስ ጠፍቶ አያውቅም፤ ምክንያቱም ርካሽ ነው፣ ዓሣው ከነከሰው በኋላ ልስላሴው ቶሎ እንዳይተፋው ያደርጋል፣ መንጠቆውንም በሰውነቱ ውስጥ ይደብቃል። አሰካኩን በቅርብ ላሳይ። ጥይት የመሰለው ክብደት ቀጭን ጫፉ ወደ ዘንጉ እያየ ክሩ በመሐሉ ያልፋል፤ ከዚያ አንገቱ የታጠፈው መንጠቆ ይታሰራል። የመንጠቆው ጫፍ በትሉ ራስ በኩል ገብቶ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ከሄደ በኋላ በጎን ይወጣል፤ መንጠቆው እስከ አንገቱ ከተጎተተ በኋላ ዞሮ ጫፉ ወደ ትሉ ሆድ እንዲያይ ይደረጋል። ትሉን በመንጠቆው ጎን ቀጥ አድርጎ ማስተኛትና ጫፉ የሚያርፍበትን ቦታ በጥፍር ምልክት ማድረግ ይበጃል፤ በዚያ ምልክት ላይ ተወግቶ ትሉ ሳይጨማደድና ሳይለጠጥ ቀጥ ብሎ ከተንጠለጠለ ተሳክቷል። ከተጣመመ ግን ሲጎተት ይሽከረከርና ክሩን ያከርራል። ቴክሳስ በሚባለው በዚህ አሰካክ ትሉ በውሃ ሣርና በግንዶች መካከል ብዙም ሳይያዝ ያልፋል። አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፤ ትሎቹን ከመጡበት ከረጢት አውጥቼ ከሌላ ዓይነት ለስላሳ ፕላስቲክ ከተሠሩ ማታለያዎች ጋር ስላስቀመጥኋቸው በአንድ ሞቃታማ ሳምንት ውስጥ እርስ በርስ ተጣብቀው ቀለጡ፤ የማስቀመጫውንም ወለል አበላሹት። እያንዳንዱ በየከረጢቱ ይቀመጥ።

የሣጥኑ ትልቁ ጥፋት ክሩ ነው። 12 ፓውንድ ማለትም 5.4 ኪሎ ግራም ይችላል ተብሎ ተጽፎበታል፤ በቁጥሩ ላይ ቅሬታ የለኝም። ችግሩ ከፋብሪካ ከወጣ ጀምሮ በከራው (ክሩ በሚጠመጠምበት የማጠንጠኛው ክፍል) ላይ ምን ያህል ጊዜ ተጠምጥሞ እንደቆየ የማይታወቅ መሆኑ ነው። ናይለን የተጠመጠመበትን ቅርጽ ይዞ ስለሚቀር በመጀመሪያው ውርወራዬ ክሩ በውሃው ላይ ክብ ክብ እየሠራ ተኛ፤ እንዲህ የተጠቀለለ ክር ዓሣው የሚሰጠውን ምት ወደ እጅ አያደርስም። ቋጠሮውም ሁለት ጊዜ ከዳኝ። ክር ተበጥሶ ሲመለስ ጫፉን ማየት ምክንያቱን ይነግራል፤ ተጠማዞና ተጠቅልሎ ከመጣ ቋጠሮው ተንሸራቷል፣ ሻካራ ሆኖ ከመጣ ግን ድንጋይ ወይም ግንድ ፈግፍጎታል። ሁለቱም ጊዜ የተመለሰልኝ የተጠማዘዘው ነው፤ ስለዚህ ግማሹ ጥፋት የእኔ መሆኑን አምናለሁ።

ከዚያ ወዲህ የማስረው ፓሎማር የሚባለውን ቋጠሮ ነው። ክሩ ይታጠፍና እጥፉ በመንጠቆው ዐይን ውስጥ ያልፋል፤ በእጥፉ ተራ ቋጠሮ ሳይጠብቅ ይቋጠራል፤ የተረፈው ቀለበት መንጠቆውን በሙሉ አሳልፎ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ከዚያም በምራቅ ረጥቦ በዝግታ ይጠብቃል። ማርጠቡን ለይስሙላ የሚያየው ሰው ብዙ ነው፤ ደረቅ ክር ሲሳብ በፍትጊያ ይሞቃል፣ የሞቀ ናይለንም ሆነ ፍሎሮካርቦን የሚባለው ሌላው የክር ዓይነት በዚያው ቦታ ላይ ይደክማል።

ክር ሲመረጥ ከሚችለው ክብደት ቀድሞ መታየት ያለበት የተሠራበት ነገር ነው። ናይለን ከውሃ በጥቂቱ ይከብዳል፤ ይለጠጣል፤ ውሃ ስለሚጠጣም ጥንካሬው ትንሽ ይቀንሳል፤ መለጠጡ ግን ባለሦስት ጫፍ መንጠቆ ያላቸው ማታለያዎች የዓሣውን አፍ ቀድደው እንዳይወጡ ስለሚረዳ ለክራንክቤይት እስካሁን እመርጠዋለሁ። ፍሎሮካርቦን ጥግግቱ 1.78 ስለሆነ ይሰጥማል፤ ብርሃን የሚሰብርበት መጠን 1.42 ሆኖ ከውሃው 1.33 ጋር ስለሚቀራረብም ከናይለን ይልቅ ለዓሣው ዐይን ይሰወራል። ለትልና ለጂግ ተስማሚ ነው፤ በውሃው ገጽ ላይ ለሚሄድ ማታለያ ግን አይሆንም፣ ክሩ ሲሰጥም የማታለያውን አፍንጫ ወደ ታች ይስባልና። ከፖሊኢትሊን የተጎነጎነው ክር ደግሞ ይንሳፈፋል፣ አይለጠጥም፣ ለጥንካሬው እጅግ ቀጭን ነው፤ 30 ፓውንድ የሚችለው ውፍረቱ 8 ፓውንድ ከሚችል ናይለን ጋር ይቀራረባል። እኔ በከራውን በዚህ ሞልቼ ጫፉ ላይ አንድ ዘንግ ያህል ርዝመት ያለው ፍሎሮካርቦን እቀጥላለሁ።

እንዲህ ያለ ጥንካሬ ለምን እንደሚያስፈልግ የሚጠይቅ ሰው ሊኖር ይችላል። ጆርጅ ፔሪ በ1932 እ.ኤ.አ. በጆርጂያ ያወጣው ባስ 10.09 ኪሎ ግራም ነበር፤ ማናቡ ኩሪታ በ2009 እ.ኤ.አ. በጃፓኑ ቢዋ ሐይቅ ያወጣው በ30 ግራም ገደማ ብቻ ስለሚበልጠው ሁለቱ በእኩልነት የዓለም ክብረ ወሰን ሆነው ተመዝግበዋል። ማንኛችንም የምናገኘው ዓሣ ከዚህ እጅግ ያነሰ ስለሆነ ክብደቱን የሚሸከም ክር ማግኘት አያስቸግርም። ክሩን የሚበጥሰው ባሱ የተጠመጠመበት ሣር፣ የተፈገፈገበት ግንድና አጥማጁ መንጠቆውን ሲተክል የሚሰነዝረው ድንገተኛ ጉተታ ነው።

ዘንጉን አመሰግነዋለሁ። ከ7 እስከ 21 ግራም የሚመዝኑ ማታለያዎችን እንዲወረውር የተጻፈበትን በሐቅ ይፈጽማል፤ ጫፉ ፈጥኖ ይታጠፋል፣ ከመሐሉ ወደ መያዣው ያለው ክፍል ግን ጠንክሮ ይቆማል፤ መንጠቆን ከሣር ውስጥ ለመትከል የሚፈለገውም ይህ ነው። ለክራንክቤይት ጥቂት ይጠነክራል፤ ለዚያ ሥራ ይበልጥ የሚለመጥ ዘንግ ቢገኝ መንጠቆው ባልተቀደደ አፍ ውስጥ ይቆያል። ሌላው ሰው ዘንግ ሲገዛ እንዲያደርግ የምመክረው ትንሽ ጥጥ ይዞ በየቀለበቶቹ ውስጥ ማሳለፍን ነው፤ ስንጥቅ ካለ ጥጡን ጭረት ይይዘዋል፣ ያው ስንጥቅ ክሩንም ይበላዋል። የእኔ ዘንግ ከሁለት ዓመት በኋላም ቀለበቶቹ ንጹሕ ናቸው። በሽያጭ መግለጫው ያልተጻፈ አንድ ነገር ቢኖር፣ አንድ ወጥ ስለሆነና ሁለት ቦታ ስለማይከፈል ለጉዞ ማስቸገሩ ነው። ዓሣውን ወደ ጀልባው ሲያቀርቡም ዘንጉን ከራስ በላይ አቁሞ መሳብ አይገባም፤ እንዲህ ሲሆን ሸክሙ ሁሉ በቀጭኑ ጫፍ ላይ ይወድቅና ዘንጉ ይሰበራል፣ ሻጩም ዋስትናውን ባለማክበሩ ሊወቀስ አይችልም።

ማጠንጠኛው ላይ ስደርስ ፍራቻ ነበረኝ፤ ምክንያቱም ሣጥኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው የኩሽኔታው ብዛት ነበር። ብዛቱ ጥራትን አያሳይም፤ ሁለት ጥሩ ኩሽኔታ በትክክለኛው ቦታ ላይ ከዐሥር ሸካራ ኩሽኔታ ይሻላል። ሆኖም ይህኛው በልስላሴ ይዞራል። የጥርሱ ምጣኔ 7.1 ለ1 ነው፤ እጀታው አንድ ጊዜ ሲዞር በከራው ከሰባት ጊዜ በላይ ይዞራል ማለት ነው፤ 3.2 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው በከራ ላይ ሲሰላ በአንድ ዙር 71 ሴንቲ ሜትር ያህል ክር ይገባል። ለትልና ለጂግ ይህ ፍጥነት ይመቻል፤ የላላውን ክር ሰብስቦ መንጠቆ ለመትከል ጊዜ አያባክንም። ጠልቆ የሚሄድ ክራንክቤይትን ሲጎትቱበት ግን ክንድን ያደክማል፤ ለዚያ 5 ለ1 አካባቢ ያለው ይሻላል።

ጀማሪውን የሚያስለቅሰው የክሩ ትብትብ ነው። ማታለያው አየር ላይ ሲወጣ ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ በከራው ግን በተሰጠው ፍጥነት መዞሩን ስለሚቀጥል ማታለያው ሊወስደው ከሚችለው በላይ ክር ይለቅቃል፣ የተለቀቀውም በቦታው ይተበተባል። በመጀመሪያው ቀን ግማሽ ሰዓት ያህል ዓለት ላይ ተቀምጬ ክር ስፈታ አሳልፌያለሁ። መፍትሔው ማታለያውን ከዘንጉ ጫፍ አንጠልጥሎ የማጥበቂያውን ጉልላት ማስተካከል ነው፤ ቁልፉ ሲለቀቅ ማታለያው በዝግታ መውረድ፣ መሬት ሲነካም በከራው መቆም አለበት። የማግኔት ፍሬኑንም መጀመሪያ ከፍተኛው ላይ አድርጎ እጅ ሲለምድ ቀስ በቀስ መቀነስ ይገባል። ከፍሬኑ ሁሉ የሚበልጠው ግን ማታለያው ውሃ ከመንካቱ ጥቂት ቀደም ብሎ በበከራው ላይ የሚያርፈው አውራ ጣት ነው፤ ማታለያ በተቀየረ ቁጥርም ማስተካከያው እንደገና መሠራት አለበት።

ዓሣው ሲጎትት ክር የሚለቅቀውን ፍሬን በግምት ሳይሆን በሚዛን አስተካክላለሁ። የክሩን ጫፍ ከእጅ ሚዛን መንጠቆ ጋር አስሬ ስጎትት ፍሬኑ መልቀቅ የሚጀምረው የክሩ አቅም ሩብ ወይም ሲሶ ላይ መሆን አለበት። የዚህ ማጠንጠኛ ፍሬን አለቃቀቁ ያለ መንገጫገጭ እኩል ነው፤ ይህን ያህል ጥራት አልጠበቅሁም ነበር። ዕቃውን ሳስቀምጥ ፍሬኑን ሙሉ በሙሉ አላላዋለሁ፤ በውስጡ ያሉት ዲስኮች ለወራት ተጨምቀው ከቆዩ ልስላሴያቸው ይጠፋል። በየጥቂት ወሩም ኩሽኔታዎቹ ላይ አንድ አንድ ጠብታ ቀጭን ዘይት፣ ጥርሶቹ ላይ ጥቂት ግራሶ አደርጋለሁ።

ዕቃ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚገዛ ሰው ይህን ሣጥን አልመክርም፤ ቤይትካስተሩ መጥፎ ስለሆነ ሳይሆን ውርወራ መማርና ደካማ ክር መቋቋም በአንድ ቀን ስለማይቻል ነው። ለእሱ መጠኑ 2500 ወይም 3000 ቁጥር የሆነ፣ ከዘንጉ በታች የሚንጠለጠል ስፒኒንግ የሚባለው ማጠንጠኛ ከመካከለኛ ዘንግ ጋር ለብቻ ቢገዛ ይሻላል። ክሩ ከማይንቀሳቀስ በከራ ላይ ስለሚወጣ ትብትቡ ይቀንሳል፣ ቀላል ማታለያም ርቆ ይሄዳል። በተረፈው ገንዘብ አንድ ጥቅል አዲስ ክር፣ አንድ እሽግ 3/0 መንጠቆ፣ ሁለት ከረጢት የፕላስቲክ ትልና አንድ ፒንሳ ይግዛ። ዘንጉንና ማጠንጠኛውን ብቻ ፈልጎ ሣጥኑን የሚገዛ ልምድ ያለው ሰው ግን በከራውን ውሃ ዳር ከመድረሱ በፊት ቤቱ ባዶ ያድርገው፤ የሚያወጣውንም ክር ውሃ ውስጥም ሆነ ሜዳ ላይ ሳይጥል ቆራርጦ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ይክተት፣ ወፎች እግራቸው እየተጠመጠመበት ይሞታሉና።